ሐረጎን ወጥቼ አምስት ደቂቃ ያየሁበት ቀን

ከኮምቦልቻ የተነሳሁት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፣ 1500 ሜትር ትሮጣለች። ከትምህርት ቤቷ ቡድን ጋር ለተማሪዎች ውድድር በዋዜማው ደሴ ገብታ አድራለች። እኔ ተመልካች ነኝ። በፌስታል ሁለት ዳቦ፣ ሙዝ፣ ውሃና የሷን ሹራብ ይዣለሁ። ሹራቡን ያስያዘችኝ እናቷ ናት፣ «ደሴ ኮምቦልቻ መሰለህ እንዴ» ብላ።

እውነቷን ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስተህ ወደ 2,500 ትወጣለህ። ሐረጎ ዳገት ላይ ሚኒባሱ ማቃሰት ይጀምራል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ረዳቱ ሳይጠየቅ መስኮት ይዘጋል። ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል፣ ከላይ ጉም ነው። አጠገቤ ዶሮ የታቀፉ እናት ተቀምጠዋል።

«ደሴ በደህና ነው ልጄ?» አሉኝ።

«በደህና ነው እማማ። ልጄ ትሮጣለች፣ እሷን ላይ ብዬ ነው።»

«ውይ! ምን ሆና?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። እሳቸውም ሲገባቸው ሳቁ፣ ከዚያ ግን እስክንደርስ ድረስ ዱዓ አደረጉላት።

ፕሮግራሙ 2:30 ይጀመራል ተብሎ ነበር። የሜዳውንም የአዘጋጆቹንም ስም ልተወው፣ ብቻ የክብር እንግዳ እየተጠበቀ 5 ሰዓት ሆነ። የተማሪ ውድድር ለማየት የሚሄድ ሰው ይህን ይወቅ፤ ሥራህ መጠበቅ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ የነበረው ጉም ሜዳው ላይ ወርዶ ተመልሶ ወጣ። የደሴ ልጆች በቁምጣ ይዘላሉ፣ የኛዎቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ቆመዋል። ሹራቡን ይዤ ሄድኩ። «አባዬ፣ ሰው ፊት ባታወጣው» አለችኝ። መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት።

ስጠብቅ ወንድሜ ከቦስተን ደወለ። እዚያ ሌሊት ነው፣ እሱ ግን ፈረቃ ላይ ነበር። የሱ ልጅ ሃይስኩል ገብቶ ቀዛፊ ሆኗል፤ ጀልባ ቀዛፊ። ባለፈው ጥቅምት ቻርልስ ወንዝ ላይ ሊያየው ሄዶ ነበር። ሄድ ኦፍ ዘ ቻርልስ ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ያለ ትልቅ ውድድር ነው፣ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ወንድሜ ድልድይ ላይ ሆኖ ግማሽ ቀን በብርድ ቆሞ፣ የልጁ ጀልባ ከሥሩ ሾልካ ስታልፍ ያየው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ማን እንዳሸነፈ እንኳ በዓይን አይታወቅም፤ ጀልባዎቹ በሰከንዶች ልዩነት በየተራ ነው የሚለቀቁት፣ የሚፈርደው ሰዓት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ስምንቱ ቀዛፊዎች የሚሄዱበትን አያዩም። ጀርባቸውን ለመድረሻው ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት፣ ፊት ለፊት የሚያየው መሪው ብቻ ነው። «ስሙን ብትጠራው እንኳ ዞር አይልም፣ ዞር ካለ የሁሉም ምት ይበላሻል» አለኝ። እኛስ ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን የሐይቅን ከተማ ሐይቅ የሚያህል ውሃ አጠገባችን እያለ ምነው አንቀዝፍ አልኩት። «መጀመሪያ ሰዓት አክብሩ» ብሎ ሳቀብኝ።

በመጨረሻ 1500 ተጠራ። አምና የዋህ ነበርኩ። መድረሻው ጋ ቆሜ መነሻው አምልጦኛል። በ400 ሜትር መም ላይ 1500 ማለት ሦስት ዙርና 300 ሜትር ነው፣ ስለዚህ የሚነሱት ከመድረሻው ሳይሆን ከማዶ ነው። ዘንድሮ መጨረሻው ኩርባ ላይ ቆምኩ። እዚያ ነው ሯጭ የሚለየው፣ የቀረችውን ጉልበት አሁን ላውጣት ወይስ ትቆይ የሚለውን እዚያ ነው የሚወስነው።

ፊሽካው ተነፋ። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ገና በመጀመሪያው ዙር የአንድ ጎን መርፌ ቁልፉ ወለቀና እንደ ባንዲራ ይውለበለብ ጀመር። በሁለተኛው ሰባተኛ ነበረች። በሦስተኛው አፏን ከፍታ፣ የቀኝ ካልሲዋ ወርዶ፣ አምስተኛ። ትንፋሿ እኔ ድረስ ይሰማል። ለደጋ ልጆች የተለመደ አየር ነው፣ ለኛዋ ግን ደረት ያቃጥላል። አጠገቤ ያሉ እናት የማንም ልጅ ስታልፍ «አብሽሪ! አብሽሪ!» ይላሉ። እኔ አይዞሽ ማለት አልወድም፣ ለተሸነፈ ሰው የሚባል ይመስለኛል። መጨረሻ ኩርባው ላይ አራተኛ ሆና ስትመጣ ግን ያሰብኩትን ሁሉ ረሳሁና ስሟን ብቻ ጮህኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ።

አራተኛ ወጣች። የሚሸለሙት ሦስት ናቸው። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ ከምናምን ነበር።

አመሻሽ ላይ አብረን ተመለስን። ሹራቡን ሚኒባስ ውስጥ ራሷ ከፌስታሉ አውጥታ ለበሰችው። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር፣ «አየኸኝ?» አለችኝ።

«አየሁሽ እንጂ። ኩርባው ላይ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ሦስተኛዋን ላልፋት ስል ስትጠራኝ ሰማሁና ዞር አልኩ።»

ሙዙን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። ይህችን ለቦስተኑ ወንድሜ እስካሁን አልነገርኩትም።