የፎቶው ጀርባ

ጎረቤቴ 84 ዓመታቸው ነው። እኔ ካለሁበት ፎቅ ሥር ነው የሚኖሩት። ስድስት ዓመት ተጎራብተናል። ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ በማለዳ በሬን አንኳኩና «ዲኮራ ትወስደኛለህ?» አሉኝ። ዲኮራ አዮዋ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በእጃቸው በላስቲክ የታሰረ የጫማ ካርቶን ይዘዋል። ረጅም መንገድ መንዳት ከተዉ ቆይተዋል። (እንግሊዝኛ አንቺና አንቱ አይለይም። እኔ ግን እናቴን የሚያካክሉ ሴት አንቺ ብዬ መጻፍ አይሆንልኝም።)

ካርቶኑ ውስጥ ያለው የቤተሰባቸው ፎቶ ነው። ቅድመ አያታቸው በ1868 ከኖርዌይ፣ ቫልድረስ ከሚባል ሸለቆ ተነስተው አዮዋ ገቡ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። አንዳንዶቹ ፎቶዎች ጀርባቸው ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር አለ፤ ቋንቋው ኖርዌይኛ ነው። የጎረቤቴ አያት አቀላጥፈው ያነቡት ነበር። እናታቸው ሲነገር ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም ነበር። ጎረቤቴ ጋ ሲደርስ የቀረው የምግብ ስምና አንድ የገና መዝሙር ብቻ ነው። ዲኮራ ውስጥ ግን የድሮውን የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። የምንሄደው እሳቸው ጋ ነው።

እኛ ከምንኖርበት ከሚኒሶታዋ ሚኒያፖሊስ ዲኮራ ሦስት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሃይዌይ 52ን ይዞ ወደ ደቡብ መውረድ ነው። ሮቼስተርን እስክናልፍ ድረስ ግራና ቀኙ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ በድንገት ይሰበራል። ገደል፣ ሸለቆ፣ ጫካ ይመጣል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ይህን አገር የደለደለው የበረዶ ግግር እዚህ ጋ ሳይደርስ ቀርቷል ይላሉ። ሃርመኒ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ጥቁር የፈረስ ጋሪ የሚነዱ የአሚሽ ገበሬዎችን አለፍን። ጎረቤቴ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። የኋላ ወንበር ላይ ላስቀምጥልዎ ብላቸው እምቢ አሉ።

በመንገድ ላይ ሰዎቹ ለምን አገራቸውን ጥለው እንደወጡ አወራን። ኖርዌይ ውስጥ ሊታረስ የሚችለው መሬት ከመቶው 3 እጅ ገደማ ነው። የቀረው ተራራ፣ ድንጋይና ደን ነው። ሕዝቡ በዛ፤ መሬቱ ግን አልጨመረም። ርስቱን የሚወርሰው የበኩር ልጅ ነው። ታናናሾቹ በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ለባለመሬቱ ጉልበታቸውን እየከፈሉ ይኖራሉ። የእኛ ሰው ጭሰኛ የሚለው ዓይነት ኑሮ ነው። በ1825 ሬስቶራሲዮን የምትባል ትንሽ መርከብ 52 ሰው ጭና ከስታቫንገር ተነሳች። በባሕር ላይ አንዲት ሕፃን ተወለደችና ኒው ዮርክ ሲደርሱ 53 ሆኑ። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት ከ800,000 በላይ ኖርዌያዊ ተከተላቸው። በ1862 የወጣው የአሜሪካ የመሬት አዋጅ ደግሞ አምስት ዓመት ኖሮበት ላረሰ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። 65 ሄክታር ያህል ነው። በእኛ ከአንድ ጋሻ ተኩል ያልፋል። ለጭሰኛ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው ማብራራት አያስፈልገኝም።

የጎረቤቴ ቅድመ አያት ሲደርሱ ዲኮራ አካባቢ ያለው ጥሩ መሬት ተይዞ ነበር። ዘመድ ቤት ተጠግተው ለሰው እየሠሩ ገንዘብ አጠራቀሙና ገዙ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ዲኮራ የኖርዌይ ስም አይደለም። ዋኮን ዲኮራ ሆቻንክ የሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አለቃ ነበር። ሕዝቡ በ1848 ከዚያ ምድር እንዲነሳ ተደረገ። በዓመቱ ከተማው ተቆረቆረ። ሆቻንኮቹ በጎረቤቴ ካርቶን ውስጥ ካሉት ፎቶዎች በአንዱም ላይ የሉም። ስማቸው ግን በየመንገዱ ምልክት ላይ ተጽፏል።

ከመምህሩ ጋር የተቀጣጠርነው ከሰዓት ስለነበር መጀመሪያ ሙዚየሙ ገባን። ቬስተርሃይም ይባላል፤ የምዕራብ ቤት ማለት ነው። ስደተኞቹ አሜሪካን የሚጠሩበት ስም ነበር። ስብስቡ የተጀመረው በ1877 እዚያው ከተማ ባለው በሉተር ኮሌጅ ነው። እኔን ብዙ ያቆሙኝ ሳጥኖቹ ናቸው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ዕቃውን አጭቆ የመጣበት ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነው። አበባና ሐረግ ተሥሎበታል። ፊት ለፊቱ ላይ የባለቤቱ ስምና ዓመቱ በጉልህ ተጽፏል። እናቴ ሳሎን ውስጥ የነበረው ሳጥን ትዝ አለኝ፤ ቁልፉ ከአንገቷ አይለይም ነበር።

ደጅ ደግሞ ከየቦታው ተነቅለው የመጡ ቤቶች አሉ። ከግንድ የተሠራች አንዲት ባለ አንድ ክፍል ቤት አለች። ኤገ የሚባሉ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩባት ነበር። በ1853 ክረምት ኮረን የሚባሉ ወጣት ቄስ ከኖርዌይ ሲመጡ ማደሪያ አጡ። እነዚህ ሰዎች ቄሱንና ባለቤታቸውን ተቀብለው በዚያች ክፍል አብረው ከረሙ። መሀል ወለሉ ላይ ቆሜ ስድስት ሰው የት የት እንደሚተኛ በዓይኔ ለካሁ። ሚኒያፖሊስ የመጣሁ ሰሞን አንድ ባለ አንድ መኝታ ቤት ለአምስት ሆነን ነው የኖርነው። ሲዳር ጎዳና አካባቢ ነበር። ዛሬ ሶማሌውና የእኛ ሰው የሚበዛበት ያ ሰፈር ከመቶ ዓመት በፊት የስካንዲኔቪያ ስደተኞች ሰፈር ነበር።

መምህሩ ቤት ስንደርስ ቡናው ተፈልቷል። ሌፍሰም አቅርበውልናል። ከድንች የሚጋገር ስስ ቂጣ ነው፤ ቅቤና ስኳር ቀብተው ይጠቀልሉታል። ጎረቤቴ ካርቶኑን ፈቱ።

ስለ እንዲህ ዓይነት ፎቶዎች ትንሽ አውቅ ነበር። አንድሪያስ ዳል የሚባል ሰው ነበር። እሱም የቫልድረስ ልጅ ነው። በ1869 አሜሪካ መጥቶ ዊስኮንሲን ውስጥ ከእርሻ ወደ እርሻ እየዞረ ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ኋላ ቄስ ሆነ። ከ1,000 በላይ የመስታወት ኔጌቲቮቹ የዊስኮንሲን ታሪክ ማኅበር ዘንድ አሉ። ማታ ማታ በኢንተርኔት ሳያቸው አመሽ ነበር። ቤተሰቡ ከቤት ወጥቶ ደጅ ላይ ይደረደራል። ያለው ንብረት ሁሉ አብሮ ይወጣል። ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሶ ሣሩ ላይ ይቆማል። መጽሐፉ፣ የክር መፍተያው መዘውር፣ የስፌት መኪናው፣ ሠረገላው ሁሉ ይታያል። ካሜራው ፈጣን ስላልነበረ ሰው ሁሉ ደርቆ ነው የሚቆመው። ፈገግታን ለብዙ ሰከንድ ይዞ መቆየት አይቻልም። ከዚያ ፎቶው በደብዳቤ ታሽጎ ኖርዌይ ይሄዳል።

የጎረቤቴም ፎቶ እንደዚያው ነው። ወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፏል። ትንሽ የእንጨት ቤት አለ። ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ልጅ አሉ። ጠረጴዛው ላይ የቡና ማንቆርቆሪያ ተቀምጧል። ታላቁ ልጅ ላም ይዟል። ላሟ አንገቷን ስላወዛወዘች ፊቷ ጭስ መስሏል።

መምህሩ ፎቶውን ገለበጡት። አጉሊ መነጽራቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ለእናቴ። ይህ ቤታችን ነው። ላሟ የራሳችን ናት።»

ጎረቤቴ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። 84 ዓመት ሙሉ ያ ፎቶ ቤታቸው ውስጥ ነበር። ላሟን በልጅነታቸው ስም ሁሉ አውጥተውላት ነበር። የተጻፈውን ግን አያውቁም ነበር።

መምህሩ ግን ግራ ገባቸው። «ለእናቷ ከሆነ ኖርዌይ መሄድ ነበረበት። እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። ምናልባት ሳትልከው ቀርታ ይሆናል ተባለ። ምናልባት ሁለት ቅጂ ነበር ተባለ።

እኔ መልሱን የማውቅ መሰለኝ። ሚኒሶታ በመጣሁ በመጀመሪያው ክረምት በረዶ ውስጥ ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ። ጀርባው ላይ «እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ ብርዱ አያስቸግርም» ብዬ ጽፌ ደሴ ላክሁት። እጄ በብርድ ደንዝዞ ሁለት ጊዜ ነው እስክሪብቶው የወደቀብኝ። እናቴ ስታርፍ እህቴ ከእናቴ ሳጥን ውስጥ ያገኘቻቸውን ፎቶዎች ሰብስባ በሰው እጅ መልሳ ላከችልኝ። ያም አብሮ መጣ። ለእናት የተላከ ፎቶ እናት ስትሞት ይመለሳል። ይህን ስነግራቸው ሁለቱም ዝም አሉ። ጎረቤቴ እጄን ያዙኝ።

ዛሬ ያን ፎቶ ልጄ አልጋዋ አጠገብ አድርጋዋለች። ጀርባውን ግን ማንበብ አትችልም። ፊደሉን ጀምረን ነበር፤ በእኔ ሥራ መብዛት ተቋረጠ። ይህ ነገር ዲኮራ ደርሼ እስክመለስ ድረስ እንዲህ አሳስቦኝ አያውቅም።

የኖርዌይ ስደተኞቹ ቋንቋ እንዲሁ በራሱ ብቻ አልጠፋም። በ1918፣ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ የአዮዋው ገዥ ሃርዲንግ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን ስብከት ሳይቀር እንዳይነገር አዋጅ አወጣ። መምህሩ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ተለወጠ። ያም ሆኖ ዲኮራ ፖስተን የሚባለው የከተማው የኖርዌይኛ ጋዜጣ እስከ 1972 ድረስ ታትሟል። አንባቢዎቹ አርጅተው እያለቁ ነው ያበቃው።

ስሙም ሌላ ጣጣ ነው። መምህሩ እንዳስረዱን ኡሌ ላርሰን ማለት የላርስ ልጅ ኡሌ ማለት ነው። ኡሌ ደግሞ ላርስን ቢወልድ ልጁ ላርስ ኡልሰን ይባላል። በየትውልዱ ይለዋወጣል፤ ልክ እንደ እኛ። አሜሪካ ሲመጡ ግን የቤተሰብ ስም ተጠየቁ። አንዱ የአባቱን ስም ይዞ ቀረ፤ ሌላው የመጣበትን እርሻ ስም ወሰደ። ወንድማማቾች በተለያየ ስም የተመዘገቡበት ቤተሰብ አለ። ልጄም ትምህርት ቤት በአባቴ ስም ነው የምትጠራው፤ አያቷን አይታቸው አታውቅም።

ሌሎቹን ፎቶዎች ፈጠን ብለን አየናቸው። የወታደር ልብስ የለበሰ ጎረምሳ አለ። ነጭ የለበሱ ሙሽሮች አሉ። መጨረሻ ላይ ባለ ቀለም ይመጣል፤ መኪና ተደግፈው የቆሙ ልጆች፣ ከመካከላቸው አጭር ጸጉር ያላት ልጅ፣ ጎረቤቴ ናቸው። በዚያ ፎቶ ላይ ሁሉም ይስቃሉ። ጀርባው ባዶ ነው።

ስንመለስ ፕሬስተን ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ገብቼ ስወጣ ጎረቤቴ እርሳስ ከቦርሳቸው አውጥተው፣ ካርቶኑን እንደ ጠረጴዛ አድርገው ይጽፋሉ። እስክሪብቶ ወረቀቱን እንደሚበላው መምህሩ ነግረዋቸዋል። የመኪናውን መብራት አብርቼ ጠበቅኋቸው። የሚያውቁትን ሁሉ ስም ጻፉ፤ ወታደሩን፣ ሙሽሮቹን፣ መኪናው አጠገብ ያሉትን ልጆች። የላሟን ፎቶ መጨረሻ አወጡ። የሁለቱን ወንዶች ስም መምህሩ ከጀርባው አንብበውታል። የልጅቷ ስም የነበረበት ጥግ ግን ውሃ ነክቶታል፤ የሚታየው የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። ጎረቤቴ ያቺን አንድ ፊደል ጻፉና ከጎኗ ቦታ ተዉላት።