ከማን ተወሰደ?

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረባዬ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አሳየሁት። ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከላኮታ (ከሲቻንጉ ወገን) የሆነችው ሰዓሊ ዳያኒ ዋይት ሆክ በ2022 እ.ኤ.አ. በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ትልቅ ኤግዚቢሽን፣ በዊትኒ ቢየናሌ፣ ያቀረበችው «ዎፒላ | ሊኒየጅ» የተባለ ሥራ ነው።

«ያምራል። ግን ይሄ የኒውዮርኮቹ አብስትራክት አይደል እንዴ? ከነሱ ነው የወሰደችው» አለኝ። ሰው ወይም ዕቃ ሳይሆን ቅርጽና ቀለም ብቻ ይሥሉ የነበሩትን የኒውዮርክ ሰዓሊዎች ማለቱ ነው።

ፎቶውን አጉልቼ መልሼ ሰጠሁት። ቀለም የመሰለው ዶቃ ነው። ቀጫጭን የብርጭቆ ዶቃ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ! ወርዱ ከአራት ሜትር ያልፋል። ይሄን ሁሉ የደረደረው የሰው እጅ ነው። ባልደረባዬ ስክሪኑን ወዲህ ወዲያ እያንቀሳቀሰ ብዙ ቆየ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ያ «ከነሱ ነው» የሚለው ነገር ነው። የላኮታ ሴቶች መጀመሪያ በተነከረ የጃርት እሾህ፣ በኋላም በዶቃ፣ ቆዳ ላይ እንዲህ ያለ ቅርጽ ሲሠሩ የኒውዮርኩ እንቅስቃሴ ገና አልተወለደም። የኒውዮርኮቹ ሰዓሊዎችም የነባር ሕዝቦችን ጥበብ አይተውታል። ከነሱ አንዱ የሆነው ባርኔት ኒውማን በ1946 እ.ኤ.አ. እዚያው ኒውዮርክ የሰሜን አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ነባር ሕዝቦችን ሥዕል ኤግዚቢሽን አዘጋጅቷል (እነዚያ ላኮታ ባይሆኑም)።

የኒውማን ስም በየሥነ ጥበብ ታሪኩ መጽሐፍ አለ። የላኮታ ሴቶቹ ሥራ ግን በብዙ ሙዚየሞች የሠሪዋ ስም ሳይጻፍበት ተቀምጧል። ዋይት ሆክ በሌሎች ሥራዎቿ ዘይት ቀለምና ዶቃን አንድ ሸራ ላይ ታገናኛለች። አንዱን «ሥዕል»፣ ሌላውን «የእጅ ሥራ» ብሎ መለየት እዚያ ሸራ ፊት በጣም ይከብዳል።