ዛሬ የሸንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻዬን አስገባሁ

ፍራንክፈርት ያሉ ጓደኞቼን ልጠይቅ ነው። የባንክ ስቴትመንት፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የግብዣ ደብዳቤ፤ ሁሉም ተሟልቷል። ክፍያው 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም።

ወረፋ ላይ አጠገቤ የነበሩ እናት ልጃቸውን ሊያርሱ ነው የሚሄዱት። ፋይላቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። አንጀቴን በሉት። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መደበኛውን የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ምክንያቱ ደግሞ መንግሥታችን አውሮፓ ውስጥ ያለፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን በመመለስ አልተባበረም የሚል ነው። እኚህ እናት ምን አጠፉ? አራስ 45 ቀን ትጠብቃለች እንዴ? ይሄ ፈጽሞ ልክ አይደለም።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ማመልከት ይቻላልና ከአሁኑ ጀምሩ። ለእሳቸውም ጸልዩላቸው።