የሳምንቱን ምግብ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፦ ደሴ ላይ የሠራልኝና የተውኩት

የወጥ ቤቴን ሰዓት ስመዘግብ ትልቁን ድርሻ የወሰደው መጠበቅ ሆኖ ተገኘ፦ ሊጥ እስኪቦካ፣ ክክ እስኪበስል፣ ውሃ እስኪመጣ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ብርዱም እርሾውን ያዘገየዋል። የሐረጎን ተራራ ወርዶ ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ ላይ የሚሠራ የሰዓት ልክ እዚህ አይሠራም። ስለዚህ መጠበቁን ወደ ሌሊት ገፋሁት፤ ሌሊት የማይችለውን ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ደራረብኩት።

ለሦስት ሰው 4 ኪሎ ጤፍ ረቡዕ ማታ አቦካለሁ። ለኪሎው አንድ ሊትር ተኩል ለብ ያለ ውሃ፣ በጠቅላላው ግማሽ ሊትር እርሾ። ባልዲውን ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ ስህተት ነው፤ ወለሉ ሙቀቱን ይመጠዋል። ጣውላ ላይ አድርጌ በአሮጌ ጋቢ እጠቀልለዋለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሦስት ሌሊት ይፈልጋል፤ ሞቅ ባለው ወር ሐሙስ ማታ ማቡካት ይበቃል።

ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከላይ የጠለለውን ውሃ ደፍቼ አብሲቱን እጥላለሁ። አንድ ሊትር ሊጥ በሁለት ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ እስኪወፍር አሥር ደቂቃ ያህል። ብዙ እንጀራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አብሲቱ ትኩሱን ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ጣት ገብቶ ሳይቃጠል መቆየት ሲችል ብቻ ይቀላቀል። አብሲቱ ካነሰ ደግሞ እንጀራው በማግስቱ ይሰነጣጠቃል።

ሊጡ እስኪነሳ ሁለት ሰዓት ያህል ባዶ ጊዜ አለ። የሳምንቱን ቁሌት የምሠራው ያኔ ነው። 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት (ዓርብ ማታ የተከተፈ) ያለ ዘይት 40 ደቂቃ ይቁላላል። ከዚያ ግማሽ ሊትር ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይገባል። በርበሬ ከመግባቱ በፊት ሲሶውን ለአልጫ ቀንሼ እርድ እጨምርበታለሁ። ይህን ረስቶ በርበሬ የጨመረ ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ወጥ ይበላል። ለቀሪው ሁለት ተኩል ኩባያ በርበሬ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ሌላ 40 ደቂቃ። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግቼ ቶሎ አቀዘቅዝና ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየለየሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። እርጥብ ማንኪያ ከገባበት ግን ሳምንት አይደርስም። ሥራ ቀን ማታ ሽሮ በ15 ደቂቃ፣ ምስር በ30 ደቂቃ ይደርሳል።

ምጣዱን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እሰካለሁ። ማታ የመብራቱ ኃይል ሲደክም አልሞክረውም፤ 220 ቮልት ወደ 180 ከወረደ ምጣዱ ከሙቀቱ ሲሶውን ያጣል፣ እንጀራውም ይጣበቃል። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 16 አምፔር ይስባል፤ በማከፋፈያ ሶኬት ላይ መሰካት ገመዱን ማቅለጥ ነው። ከ4 ኪሎው 24 ያህል እንጀራ ይወጣል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እንፋሎቱ ሳይወጣለት የተደራረበ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል። ግማሹ መሶብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ግማሹ ተጠቅሎ ፍሪጅ ይገባል።

ሽንብራና ባቄላ ማታ ይዘፈዘፋሉ። በግፊት የሚያበስለው ድስት እዚህ ከተማ ዋጋውን ያወጣል፤ ውስጡ ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ የአንድ ሰዓት ተኩሉን በ25 ደቂቃ ይጨርሳል። ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል። ክክ ብቻውን ይብሰል፣ ቁሌቱ በኋላ። ቲማቲም አስቀድሞ ከገባ በኮምጣጣነቱ ክኩን ያደርቀዋል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ሥር ተቀምጦ በርሜል መጠበቅ ቀረ፦ ሲሞላ በራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ኳስ ሮቶው ላይ አስገጠምኩ። ከረጅም መቋረጥ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ውሃ ደለል ይዞ ኳሱ በደንብ እንዳይዘጋ ስለሚያደርግ አምስት ደቂቃ ውጭ ይፍሰስ፤ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል።

የተውኳቸውም አሉ። ቃሪያ አስቀድሞ መክተፍ አያዋጣም፣ በሁለተኛው ቀን ውሃ ይሆናል። ቡና ለሳምንት ቆልቶ መፍጨትም ሞክሬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መዓዛው የለም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ቡናን ማሳጠር ጎረቤት ያስቀይማል፤ እሱ በአቦል፣ ቶናና በረካው እንዳለ ቀርቷል።