ቀረጻው ከተጋመሰ በኋላ የተለወጠው መሪ ተዋናይ

ለቴሌቪዥን በሚዘጋጅ አንድ አስቂኝ የቤተሰብ ድራማ ላይ በኤዲተርነት እሠራ በነበረበት ወቅት፣ አዘጋጁ አንድ ቀን ከቀረጻ በቀጥታ ወደ ኤዲቲንግ ክፍሉ መጥተው እስከዚያ ጊዜ የተቀረጹትን ትዕይንቶች በታሪኩ ቅደም ተከተል አያይዤ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ድራማ እንደ ታሪኩ አካሄድ አይቀረጽም፤ በአንድ ቤት ውስጥ የሚካሄዱ ትዕይንቶች ሁሉ፣ የመጀመሪያው ክፍልም ሆኑ የመጨረሻው፣ ቤቱ በኪራይ በተያዘባቸው ቀናት ተጠራቅመው ይነሣሉ። ስለዚህ ቀረጻ ቦታ የሚውል ሰው እያንዳንዱን ትዕይንት ለብቻው ያየዋል እንጂ ታሪኩ ሲሄድ አያየውም። ታሪኩ ሲሄድ መጀመሪያ የሚታየው በኤዲተሩ ስክሪን ላይ ነው። መሪ ተዋናዩን በተመለከተ ያሳሰበኝን ነገር ለአዘጋጁ ከዚያ በፊት ነግሬአቸው ስለነበር፣ ምን ሊያዩ እንደመጡ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

መሪ ተዋናዩ በመድረክ ቴአትር ያደገ፣ ድምፁ የጠራ፣ ዝምታን ይዞ ተመልካቹን ትንፋሽ የማሳጣት ችሎታ ያለው የተከበረ ባለሙያ ነው። የተሰጠው ገጸ ባሕርይ ግን በጥቃቅን ነገር የሚዋሽ፣ የመጀመሪያውን ውሸት ለመሸፈን ሁለተኛውን የሚጨምር፣ ከአንዱ ጣጣ ወደ ሌላው ጣጣ እየሮጠ የሚያመልጥ አባወራ ነበር። ተዋናዩ ይህን ሰው ከነጸጸቱ ተጫወተው። እያንዳንዱ ትዕይንት ለብቻው ሲታይ ያማረ ነበር፤ ሲያያዙ ግን ሚስቱ ስታፋጥጠው ሊያስቅ የሚገባው አባወራ፣ ልብ የሚያሳዝን በደለኛ ሆኖ ተገኘ። ፍጥነቱን በኤዲቲንግ ለማምጣት ከንግግሮቹ በፊት ያሉትን ዝምታዎች ቆርጬ፣ የሌሎቹን ተዋንያን ፊት በብዛት አስገብቼ ሞክሬ ነበር። ሆኖም ክብደቱ ያለው በዝምታዎቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በዓይኑና በትከሻው አያያዝ ላይም ስለነበር፣ በመቁረጥ የሚወገድ አልሆነም።

የተያያዘውን ሥራ አዘጋጁ፣ ፕሮዲውሰሯና እኔ አብረን አየነው። ከዚያ በኋላ ፕሮዲውሰሯ ያቀረቡት መፍትሔ በእኛ ተከታታይ ድራማዎች የተለመደ ነው፦ አባወራው ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ይሂድ፣ ታሪኩ በሚስቱና በወንድሙ ላይ ይዙር፣ ለተዋናዩም ትዕይንቶቹ እያነሱ መምጣታቸው በጽሑፉ ለውጥ ምክንያት እንደሆነ ይነገረው። ይህን ሐሳብ አጥብቄ ተቃወምኩ። እንዲህ ያለው መንገድ ለቀረጻው የወጣውን ገንዘብ ያተርፋል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን ድራማው የተጻፈው ስለ አባወራው ውሸቶች ነው። እሱን አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ መሸኘት ማለት የታሪኩን ሞተር አውጥቶ መጣል ነው። ከዚያም በላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ለሙያው የኖረ ሰው፣ ለምን እንደተገፋ ሳያውቅ ከሥራው ቀስ በቀስ እንዲወጣ ማድረግ ትልቅ በደል ይሆን ነበር።

በዚያ ስብሰባ ላይ «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ስለሚባለው የአሜሪካ ፊልም አነሣሁላቸው፤ ችግሩ የእኛን ይመስል ስለነበር። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስና አብሮት ጽሑፉን የጻፈው ቦብ ጌል ለመሪው ወጣት ገጸ ባሕርይ ከመጀመሪያው ያሰቡት ማይክል ጄ. ፎክስን ነበር። ፎክስ ግን በዚያን ጊዜ «ፋሚሊ ታይስ» በሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ላይ ይሠራ ነበር። የዚያ ኮሜዲ ፕሮዲውሰር ጋሪ ዴቪድ ጎልድበርግ፣ ዋናዋ ተዋናይት ሜሪዲት ባክስተር በወሊድ ምክንያት ስላልነበረች ፎክስንም መልቀቅ አልቻለም። ስለዚህ ሚናው ለኤሪክ ስቶልዝ ተሰጠ፤ ቀረጻውም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1984 ተጀመረ። ስቶልዝ ጎበዝና ለሙያው የተሰጠ ተዋናይ ነበር። ሆኖም ዜሜኪስ ከኤዲተሮቹ ጋር የተያያዘውን ሥራ ሲመለከት፣ ልጁ ሊኖረው የሚገባው ቅልጥፍናና አስቂኝነት እንደጎደለ ተረዳ። ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ለነበረው ለስቲቨን ስፒልበርግም አሳየው። ለስድስት ሳምንታት ያህል ከተቀረጸ በኋላ፣ በጃንዋሪ 1985 ስቶልዝ ተሰናበተ። ወጪው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ ይባላል። በዚያን ጊዜ ጎልድበርግ ፈቃዱን ስለሰጠ፣ ፎክስ ቀን ኮሜዲውን፣ ማታ ፊልሙን እየሠራ፣ እስከ ሌሊቱ አጋማሽና ከዚያም በኋላ እየቆየ ጨረሰው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጁላይ 3 ቀን 1985 ወጣ፤ በዚያ ዓመትም በአሜሪካ ከወጡት ፊልሞች ሁሉ ከፍተኛ ገቢ አስገኘ።

ፕሮዲውሰሯን የያዛቸው ግን የገቢው ነገር አልነበረም፤ እኔም በገቢው ላከራክራቸው አልፈለግሁም፤ ብዙ ተዋንያን ተለውጠውም የወደቁ ሥራዎች አሉና። ትኩረታቸውን የሳበው ስቶልዝ በዚያው በ1985 በወጣው «ማስክ» በተሰኘ ፊልም ላይ ባሳየው ትወና ለጎልደን ግሎብ ሽልማት መታጨቱ ነው። አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በአንዱ ሚና የተሰናበተ፣ በሌላው ሚና ለሽልማት የታጨ ከሆነ፣ የተለወጠው ሰውየው ጎበዝ ስላልሆነ አይደለም ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላም እ.ኤ.አ. በ1976 በፊሊፒንስ «አፖካሊፕስ ናው» የተሰኘውን ፊልም ሲቀርጽ ሃርቪ ካይቴልን አሰናብቶ ማርቲን ሺንን ያስገባው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነበር። ሚናው በአብዛኛው የሚመለከትና የሚታዘብ ሰው ስለነበር ከካይቴል የአጨዋወት ስልት ጋር አልተገናኘም። ፕሮዲውሰሯ ይህን ሲሰሙ ቀደም ሲል «ተሳስተን መረጥን» ይሉት የነበረውን ነገር ትተው፣ ሚናውንና ሰውየውን ለያይተው መነጋገር ጀመሩ። ለውጡም በዚያው ስብሰባ ላይ ተወሰነ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማን ይንገረው የሚል ነበር። የቀረጻ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ቢነግረው ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አዘጋጁ ግን «የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የምነግረውም እኔ ነኝ» ብለው በማግስቱ ጠዋት፣ ከሌላ ከማንም በፊት፣ ተዋናዩን ቤቱ ድረስ ሄደው አነጋገሩት። ተዋናዩ የተያያዘውን ሥራ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። መብቱ ነው ብዬ ስለማምን ኤዲቲንግ ክፍሉን አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። እስከ መጨረሻው ተመለከተው። በውሳኔው አልተስማማም፤ ጽሑፉን እንዳነበበው እንደተጫወተው፣ በልምምድ ጊዜም ቀለል አድርገህ ተጫወተው ያለው ሰው እንዳልነበረ በቁጭት ተናገረ። በዚህ ላይ እውነት ነበረው። ለመረጣው የተጠራው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ የተፈተነውም ለብቻው ሆኖ፣ ከወንበር ሳይነሣ ረጅም ንግግር በማንበብ ነበር። ያ ንግግር ደግሞ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ጥቂት አሳዛኝ ቦታዎች አንዱ ነው። በፈተናው ቀን የታየው ነገር ሁሉ ለሌላ ዓይነት ድራማ የሚሆን ነበር። አዘጋጁም ይህን አልካዱትም። ለተቀረጹት ክፍሎች ሁሉ ሙሉ ክፍያው እንዲሰጠውና ስለ መለወጡ ከእሱ ጋር ሳይነጋገሩ ለጋዜጠኛ መግለጫ እንዳይሰጥ ተስማሙ።

የተተካው ተዋናይ መጀመሪያውኑ ሚናው ቀርቦለት፣ የመድረክ ቴአትር ይዞ ስለነበር ያልተቀበለ ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ግን ከመፈረሙ በፊት ሚስት ከምትሆነው ተዋናይት ጋር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ካሜራ ተነሥቶ፣ የመፋጠጡ ትዕይንት እንዲሞከር ጠየቅሁ፤ ተደረገም። ፍጥነቱ ወዲያው ታየ። ከእሱ ጋር ግን ያላሰብነው ነገር መጣ፦ ከቀድሞው ተዋናይ በጣም ያጥራል። ከተቀረጸው ውስጥ መሪ ተዋናዩ የማይታይባቸውን ሻቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ ያነሣቸውን ምስሎች) ሁሉ ለማትረፍ አስቤ ነበር። በባልየው ትከሻ በኩል የተነሡት፣ የቀድሞው ተዋናይ ትከሻ ስላለባቸው፣ ሁሉም ወደቁ። የሚስትየው ፊት ብቻ የሚታይባቸው ሻቶች ደግሞ ዓይኗ ወደ ላይ ያይ ስለነበር፣ ከአዲሱ ተዋናይ ሻት ጋር ሲያያዙ ከራሱ በላይ ያለውን ግድግዳ የምታነጋግር መሰለች።

በ«ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»ም ይኸው የቁመት ነገር ሰው አስወጥቷል። የልጁን ፍቅረኛ እንድትጫወት ተመርጣ የነበረችው ሜሎራ ሃርዲን ከፎክስ ትረዝም ስለነበር ተሰናብታ፣ ሚናው ለክላውዲያ ዌልስ ተሰጠ። ሃርዲን የተሰናበተችው በአጨዋወቷ ሳይሆን በሌላ ሰው መለወጥ ምክንያት መሆኑ፣ እስከ ዛሬ ከዚያ ፊልም ታሪክ በጣም የሚያሳዝነኝ ክፍል ነው። እኛ ዘንድም ሚስትየዋን መለወጥ ይሻላል የሚል ድምፅ ተሰምቶ ነበር። የካሜራ ባለሙያው ግን ባልየው ቆሞ የሚናገርባቸውን ቦታዎች ከፍ ባለ የእንጨት ሳጥን ላይ አቁሞ፣ ሌሎቹን ደግሞ ሁለቱም ተቀምጠው እንዲነሡ አድርጎ ችግሩን ፈታው። እኔም ሊድኑ የሚችሉትን ሻቶች ዝርዝር ከነ ዓይናቸው አቅጣጫ ጽፌ ሰጠሁ። ተዋናይቷ በሥራዋ ላይ ቆየች።

የድጋሚ ቀረጻው ክፍያ ሌላው ከባድ ጉዳይ ነበር። ስማቸው የገነነ ተዋንያን ለድጋሚው ቀረጻ በወኪልም በራሳቸውም ተደራድረው ተጨማሪ ገንዘብ አስወሰኑ፤ ሚስት ሆና የምትጫወተው ወጣት ግን አዲስ በመሆኗ «ለሥራው ስል እመጣለሁ» ብላ፣ የተመደበላት የትራንስፖርት አበል ብቻ ነበር። ከባልየው ቀጥሎ በብዙ ትዕይንት ላይ ድጋሚ የምትቀረጸው እሷ ነበረች። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 በ«ኦል ዘ መኒ ኢን ዘ ወርልድ» የሆነውን ለፕሮዲውሰሯ ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት በኬቨን ስፔሲ ላይ የጾታ ትንኮሳ ክሶች ከቀረቡ በኋላ፣ ፊልሙ ሊወጣ ሳምንታት ሲቀሩት፣ የስፔሲን ሚና ለክሪስቶፈር ፕለመር ሰጥቶ በዘጠኝ ቀን ውስጥ እንደገና ቀረጸው። ፕለመርም በ88 ዓመቱ በዚያ ሚና ለኦስካር ታጨ። ይህ የጀግንነት ታሪክ ሆኖ ብዙ ተወርቷል። ጥቂት ቆይቶ ግን ማርክ ዋልበርግ ለድጋሚው ቀረጻ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሲከፈለው፣ ዋናዋ ተዋናይት ሚሼል ዊሊያምስ ከ1,000 ዶላር ያነሰ አበል ብቻ እንዳገኘች ታወቀ። ቁጣው ሲበረታ ዋልበርግ ገንዘቡን በእሷ ስም በሥራ ቦታ የጾታ ትንኮሳ የደረሰባቸውን ለሚረዳው «ታይምስ አፕ» የሕግ መከላከያ ፈንድ ሰጠ። ፕሮዲውሰሯ ያን ቀን መልስ አልሰጡኝም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ለድጋሚ ቀረጻ የሚከፈለው በትዕይንት ብዛት እንዲሆን ወስነው፣ ለቀረጻ ሠራተኞችም ጭምር አስከበሩት። ከዚያ ወዲህ በሚፈራረሙት ውል ውስጥ ስለ ድጋሚ ቀረጻ ክፍያ የሚናገር አንቀጽ አለ።

ድራማው ከተላለፈ በኋላ የቀድሞው ተዋናይ የተቀረጸበትን ቁሳቁስ በተመለከተ አንድ ጥያቄ አቀረበ፦ እንደ ልዩ ትርኢት ወይም እንደ ማስታወቂያ ለሕዝብ እንዳይቀርብ። የስቶልዝ ምስል ከፊልሙ 25 ዓመት በኋላ፣ በ2010 በወጣው የብሉሬይ እትም ላይ በአጭሩ ታይቷል፤ የሲኒማ አፍቃሪዎች ሌላው ሰው ቢጫወተው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለው መጠየቃቸውም አያልቅም። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ እኔም እንደ ባለሙያ ሁለቱን ተዋንያን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለተማሪ ምን ያህል እንደሚጠቅም አውቃለሁ። ነገር ግን የእኛ ተዋናይ በሙሉ ልቡ የተጫወተው ሥራ ያልተሳካ ሙከራ ተብሎ እንዲታይ አልፈቀደም። ፕሮዲውሰሯም በጽሑፍ ፈረሙለት። ምስሉ አልጠፋም፤ በሀርድ ዲስክ ተቀምጧል፤ ከሙያ ጓደኞቼ መካከል ሊያዩት የጠየቁኝ አሉ፤ የሁሉም መልስ ፈቃዱን ከራሱ ከተዋናዩ አምጡ የሚል ነው።