ስጦታው አውድማ ላይ ይለይ፦ የሰንበቴ የእህል ቋት አያያዝ

በሰሜን ሸዋ ደጋ የገበሬ እጅ የሚሞላው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ቤቱ የሚራቆተው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በክረምት ተነሥቶ «ለድሆች አውጡ» ማለት ሰውን ያሳፍራል እንጂ መስጠት አያስለምደውም። ስለዚህ በሰንበቴያችን፣ አባላቱ በሰንበት ተራ በተራ እየደገሱ ጽዋ በሚጠጡበት የቤተ ክርስቲያን ማኅበር፣ ለድሆች የእህል ቋት ስናቋቁም ስጦታው አውድማ ላይ፣ ገና ሲሰፈር እንዲለይ አደረግን። ጎተራ ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ቁና ሥራ ይያዝለታል፤ ለዘር፣ ለዕዳ፣ ለድግስ።

መጠኑን በአባል 10 ኪሎ ላይ አቆምነው። አሥራት ለብቻው ስለሚከፈል፣ ይህኛው ከከበደ አንዱ ሌላውን ይበላል። 40 አባል ካለ 4 ኩንታል ይገኛል፤ በ25 ኪሎ ሲከፈል 16 ድርሻ ይወጣዋል፣ ይህም ለስምንት ቤት የሁለት ወር ነው። አንዱ ድርሻ ሁለት ሰው ያለበትን ቤት ወር ያህል ያዘልቃል። ሚዛን የግድ ነው፤ ቁና ከቤት ቤት ይለያያል፣ ሐሜትም የሚገባው በዚያ ነው።

ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ምንጃሮች በዚህ ታድለዋል። መንዝና ደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚሰጠው ግን በብዛት ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው። በጥርስ ሲነከስ ኳ ብሎ ያልተሰበረ ፍሬ ስላልደረቀ አንቀበልም፤ ባለቤቱ መልሶ ያሰጣዋል። ጆንያው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደራል። አሮጌ ጆንያ ነቀዝ ይዞ ስለሚመጣ አስቀድሞ በፈላ ውሃ ይነከራል።

በሩ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በሰንበቴው ሙሴ (በማኅበሩ መሪ)፣ ሌላው በሰበካ ጉባኤው ተወካይ እጅ። ምእመን ስስታም አይደለም፤ የሰጠው የት እንደገባ ሲጠፋው ነው እጁ የሚታጠፈው። የገባውና የወጣው ድምር በየወሩ ከጽዋው በኋላ ይነበባል፤ የሰጪም የተቀባይም ስም አይነበብም። በማይክራፎን ስም እየጠሩ ቃል ማስገባት በዕለቱ ብዙ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቃሉ ሳይፈጸም ይቀራል፣ ያፈረውም ሰው በሚቀጥለው ሰንበት ከሰንበቴው ይርቃል። ማቴዎስ 6 ላይ ቀኝ የምትሠራውን ግራ አትወቅ የተባለው ለምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቀባይን መለየት ነው። አብዝቶ የተቸገረ ሰው አይለምንም፤ በተለይ ትናንት ባለጠጋ የነበረ። የንስሐ አባቶች ቤቱን ብቻ ይጠቁማሉ፤ ምክንያቱን አንጠይቃቸውም፣ እነርሱም አይነግሩንም። ለአቅመ ደካማ እናት ጥሬ እህል መስጠት ግማሽ ሥራ ነው፤ ተሸካሚም የወፍጮ ዋጋም ያስፈልጋታል። ስለዚህ ለእንዲህ ያሉት አስፈጭተን ሲመሽ እናደርሳለን። ዱቄት ቶሎ ስለሚበላሽ የሚፈጨው የአንድ ወሩ ብቻ ነው።

ተቀባዩም የሚሰጥበት መንገድ ይተውለት፤ ጌሾ መውቀጥም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ግቢ መጥረግ ይቆጠርለት። ይህ ካልሆነ ሰንበቴውን ጥሎ ይሄዳል። ተራው የደረሰው አባል ከዳቦ፣ ከቆሎና ከጠላ በላይ እንዳያቀርብም ወስነናል፤ የድግስ ፉክክር ድሃውን ከማኅበር ያስወጣል።

በልግ በሚዘራበት አካባቢ አቆጣጠሩ ይለወጣል፤ በልጉ ከከሸፈ ችግሩ ቀድሞ ስለሚመጣ እደላው ከሰኔ ይጀምራል። በመስከረም የተረፈ እህል ካለ አዲሱ ገበያ ገብቶ ዋጋ ሳይጥል ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለጆንያና ለወፍጮ ይውላል።