ከማሲና ሳር እስከ ባማኮ ነዳጅ

በ2025 መገባደጃ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ቤንዚን ጠፍቶ ሰው ማደያ በር ላይ ሲሰለፍ ሰነበተ፣ ትምህርት ቤት ሳይቀር ሁለት ሳምንት ተዘጋ። ከአልቃይዳ ጋር የተሳሰረው ጄኤንአይኤም የሚባለው ቡድን ከሴኔጋልና ከኮትዲቯር የሚመጡትን ቦቴዎች መንገድ ላይ እየጠበቀ ያቃጥላቸው ነበር። ማሊ እንደኛው ወደብ የላትም፣ ቦቴ ከቆመ ምን እንደሚመጣ ለኛ መንገር አያስፈልግም።

ስለነዚህ ጂሃዲስት ቡድኖች ሲወራ እኛ ጋ ሁሌ አንድ መልስ አለ፣ "ሃይማኖቱ ነው" ይባልና ወሬው እዛው ያልቃል። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ማሊ ውስጥ እኮ አብዛኛው ሟችም ሙስሊም ነው፣ በ2012 ሰሜን ማሊ ያለችውን ቲምቡክቱን ከተማ ሲይዙ በዶማ ያፈረሱት የሙስሊም ቅዱሳንን መቃብር ነው። እስልምና እዛ አገር ብዙ መቶ ዓመት ኖሯል፣ ይሄ ጦርነት ግን ገና የትናንት ነው።

መሳሪያው ከየት መጣ ካላችሁ ብዙው ከሊቢያ ነው፣ በ2011 ጋዳፊ ሲወድቅ እሱ ጋ የነበሩ ቱዋሬግ የሚባሉት የበረሃ ሕዝብ ተዋጊዎች እስከ ትጥቃቸው ሰሜን ማሊ ገብተው አመፁ፣ እነ አንሳር ዲን የሚባሉት ጂሃዲስቶች አመፁን ቀሙት፣ በ2013 ፈረንሳይ ከከተሞቹ አስወጣቻቸው። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ማውራት የምፈልገው ከዛ በኋላ መሀል አገር ማሲና ስለሆነው ነው።

የኒጀር ወንዝ ማሲና ላይ ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፣ ውሃው ሲጎድል ቡርጉ የሚባል ሳር ይተርፋል፣ በበጋ የፉላኒ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሮጠው ወደዛ ነው። ግን ዝም ብሎ አይገባም። ጆውሮ ለሚባሉት የግጦሹ ባለቤቶች መክፈል አለበት፣ ክፍያው ደሞ ከዓመት ዓመት እየናረ ሄደ፣ ባለስልጣኑም ድርሻ አለው። ደን ጠባቂው በሰበብ አስባቡ ይቀጣዋል፣ ፍርድ ቤት ቢሄድ ጉቦ ያለው ይረታዋል። አማዱ ኩፋ የሚባለው፣ ቡድኑ በኋላ የጄኤንአይኤም አካል የሆነው ሰባኪ፣ ይሄንን ነበር በፉላኒኛ በካሴትና በሬዲዮ የሚናገረው፣ በኋላ መሳሪያ ሲያነሳ ሰዎቹ የግጦሹን ክፍያ ቆረጡት፣ ክርክርም በቶሎ ይፈርዱ ጀመር። ደሀው እረኛ እስኪ ምን ይበል? ወዲያው ግን ትምህርት ቤቱን ዘጉ፣ ሙዚቃ ከለከሉ፣ ሴቱን በግድ አከናነቡት፣ እምቢ ያለውን የመንደር ሹም ገደሉ። ያኔ መመለሻ የለም።

መንግስትስ ምን አደረገ? ፉላኒ ሁሉ ጂሃዲስት ነው ተባለ፣ የጎረቤት ብሄር ሚሊሺያ ታጠቀ። በ2019 ኦጎሳጉ በምትባል መንደር ከመቶ ሀምሳ በላይ ፉላኒዎች በአንድ ማለዳ ታረዱ፣ ሕፃናትም አልቀሩም። በ2022 ሙራ ላይ ደሞ የማሊ ወታደርና የውጭ አጋሮቹ ከአምስት መቶ በላይ ሰው እንደገደሉ የተመድ ሪፖርት አስፍሯል። የተመድ የልማት ፕሮግራም በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ወደው ከገቡት የአፍሪካ ታጣቂዎች 71 በመቶዎቹ የመጨረሻ ግፊት የሆነባቸው መንግስት የሰራው ነገር ነው ብለዋል፣ ለምሳሌ የቤተሰብ ወይም የጓደኛ መገደል ወይም መታሰር። ይሄን ቁጥር ካነበብኩ ወዲህ በዘር ጅምላ ፍረጃ ስሰማ፣ የትም አገር ይሁን፣ ሆዴ ይረበሻል።

ጦርነቱ ከማሲና ወደ ጎረቤት ቡርኪና ፋሶ ተሻገረ፣ ጂቦ ከተማ ከ2022 ጀምሮ ተከባ ሰው የዛፍ ቅጠል እስከመብላት ደረሰ። አሁን ታጣቂዎቹ ሰሜን ቤኒን ውስጥ ወታደር እየገደሉ ነው።

በኛ በኩል ያለው አልሸባብ ሌላ ታሪክ ነው፣ በ2022 ሶማሌ ክልላችን ድረስ ዘልቆ ተዋግቷል። የሚኖርበት ዘዴ ግን ይመሳሰላል፣ ኬላ ላይ ቀረጥ ሰብስቦ ደረሰኝ ይሰጣል፣ አንዴ የከፈለ መኪና ሁለተኛው ኬላ ላይ ድጋሚ አይከፍልም። መንግስት በሚያስተዳድራት ሞቃዲሾ የሚኖር ሰው ሳይቀር የመሬት ክርክሩን ይዞ ከከተማ ወጥቶ እነሱ ችሎት ይቆማል፣ ቡድኑን ስለወደደ አይደለም፣ እዛ የተፈረደ ስለሚፈጸም ነው።